ሸራ የቆጠረው ጣት

ፈረንሳይ አገር፣ ብሪታኒ ውስጥ የሸራ ጀልባ የሚያስተምር ሰው ሁሉ አንድ ክፉ አመል አለው፤ ከሩቅ ሲያይ ሸራ ይቆጥራል። ደንቡ ግን ራስ ቁጠር ነው የሚለው። የጀልባ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሶአዚግ ይህን ለአሰልጣኞቿ ስትነግር አፏ ደርቋል። ነዝናዛ ይሏታል፤ ይበሏት። ልጆቹንም ጠዋት ጠዋት "ስትቆጠሩ እጅ አውጡ፤ ከተቆጠራችሁ በኋላ ዝም በሉ" ትላቸዋለች፤ ካልሆነ ጫጫታቸው አያስቆጥርም።

የዚያን ቀን ግን ያለ ሁለት አጃቢ ጀልባ አትውጡ የሚለውን ሌላ ደንብ የጣሰችው ራሷ ናት። ልጆቹን ከሚያጅቡት ሁለት የሞተር ጀልባዎች አንዱ አልነሳም አለ። ወላጆች ዳር ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ባሕሩም ረግቷል።

"በአንዱ ብቻ ልውጣ፣ ምን ይመጣል?" አላት አሰልጣኙ ሪዋል። "አንቺ ደግሞ ደመና ሳይኖር ለዝናብ ጃንጥላ ትዘረጊያለሽ።"

ሳቀችና እሺ አለች። ምን ነክቷት እሺ እንዳለች እስከ ዛሬ አይገባትም።

ረፋዱ ላይ ነፋሱ ተነሳ። አንድ ጀልባ ሲገለበጥ፣ ሪዋልም ሄዶ ሲያቃናው ከዳር ሆና አየች። ወዲያው የመገናኛ ሬዲዮዋ ጮኸ።

"አይዞሽ አለቃ፣ ሸራው ሁሉ ቆሟል።"

"ሸራ መች ጠየቅኩህ? ራስ ቁጠር።"

"ቆጠርኩ አልኩሽ እኮ።"

"ሪዋል፣ እያንዳንዱ ጀልባ ላይ ሁለት ሁለት ልጅ አለ ወይ?"

በሬዲዮው አንድ በአንድ ሲቆጥር ሰማችው።

"ሮዘን የለችም" አለ በመጨረሻ። "ታናሽ ወንድሟ ብቻውን መሪውን ይዞ ያለቅሳል። ሌሎቹን ጥዬ ልፈልጋት አልችልም፣ ይገለበጡብኛል።"

ፈላጊው መሆን የነበረበት ያ ያልተነሳው ጀልባ ነው። ሶአዚግ ጨርቄን ማቄን ሳትል እዚያው ዳር ለምግብ የሚሆን የባሕር ዛጎል የሚያረቡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሮጠች።

"አባባ ፋንሽ፣ ጀልባዎን ይስጡኝ። ልጅ ጠፍታብኛለች።"

"ይቺ ታቿ ጠፍጣፋ ጀልባ ለዚህ ማዕበል አትሆንም፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ።"

"ጀልባዋን የት አውቀሻት? ግቢ ዝም ብለሽ" አሉና ሞተሩን አስነሱ።

ሶአዚግ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠች ዘመን የላትም፤ ያን ቀን ግን ተሳለች። ልጅቷን ብቻ አውጣልኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን አድርገኝ አለች። ባሕሩ ውስጥ ካሉት ቋጥኞች ወዲህ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ብቅ ጥልቅ ሲል ቀድመው ያዩት ፋንሽ ናቸው።

ሁለቱ ጎትተው አወጧት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ግን በሕይወት አለች። ሶአዚግ እቅፍ አድርጋ አለቀሰች።

"ፊሽካው አንገትሽ ላይ እያለ ለምን አልነፋሽም፣ የኔ እናት?"

"ሪዋል ቆጥሮኛል እኮ" አለች ሮዘን። "ሸራችን አጠገብ ውኃ ውስጥ ነበርኩ። ከሩቅ ሆኖ ጣቱን ወደኛ ሲቀስር እጄን አወጣሁለት። ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅሁት። ከተቆጠራችሁ በኋላ ዝም በሉ ብለሽን የለ?"

ፋንሽ ፊታቸውን ወደ ሞተሩ አዞሩ። ዳር ላይ የሮዘን እናት እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ትጠብቃለች።