ግንበኛው በቻንግአን

ይስማው መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ፈረሰኛ በግዙፍ የአፈር ግንብ ሥር ቆሞ ነበር። የውጭው ፀሐይ ከዓይኑ እስኪለቅ ድረስ ከዚያ ግንብ በቀር ምንም አልታየውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ብቸና ውስጥ ድንጋይና ጭቃ ሲያነባብር የኖረ ሰው ነውና፣ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ግንቡን ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይኑ ለካው።

«ውይ፣ አጎቴ! ምነው እመጣለሁ ሳይሉኝ?» አለች ሥርጉት፣ ከበርጩማዋ ብድግ ብላ።

ሥርጉት የታላቅ እህቱ ልጅ ናት። ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ሁለት ቴሌቪዥን ደርድራ ጌም ታጫውታለች። ከሰዓት በኋላ አስተማሪዎቹና የጤና ጣቢያ ሠራተኞቹ ይሞሉባታል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሰው ስለማይኖር ብቻዋን ትጫወታለች።

«ዓይኔን ልታይ መጥቼ ነው። ደህና ነው አሉኝ» አለ ይስማው፣ ግድግዳውን ተደግፎ እየተቀመጠ።

ዓይኑን መታየቱ እውነት ነበር። ከብቸና በመጀመሪያው አውቶቡስ የወጣው ግን ለዓይኑ ብሎ አልነበረም። ስልኩንም ቤት የተወው ረስቶት ሳይሆን ራሱ ትራስ ሥር አስገብቶት ነው።

ልጁ ወይንእሸት ቻይና ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። የሕንፃ ትምህርቷን በነፃ ዕድል ተምራ፣ ጨርሳ፣ በመስከረም ልትመለስ ነበር። በመስከረም ግን ሌላ ወሬ መጣ። የከተማውን ጥንታዊ ግንብ የሚጠግን መሥሪያ ቤት አምስት ዓመት አብረሽን ሥሪ ብሏታል። ይስማው ያን ቀን ስልኩን ለሚስቱ ለባንቺዓለም መልሶ ሰጣትና ወደ ጓሮ ወጣ። ልጄ ስትመጣ አብረን እንሠራለን ብሎ ያልነገረው የብቸና ሰው አልነበረም። የሰው አገር ፍርስራሽ ከአባቷ በለጠባት? ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ አላነጋገራትም።

ትናንት ማታ ባንቺዓለም እራት ካቀረበች በኋላ እጇን እየታጠበች፣ ፊቱን ሳታይ፣ «መልስ የምትሰጠው ነገ ነው» አለችው። «አባዬ በአንደበቱ ካልፈቀደልኝ አልፈርምም፣ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ ብላለች። ቢሮው የሚዘጋው በእኛ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ ነግሬሃለሁ።»

ስለዚህ ከእሱ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ዝም ካለ ልጁ ትመጣለታለች። አውቶቡሱ ግንደወይንን አልፎ በኮረኮንቹ ሲንገጫገጭ ይህንን ደጋግሞ አሰበው። ሊደሰት ይገባው ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣ አለው።

«ይኼ ግንብ የት ነው ያለው?» አለ አሁን ሥርጉትን።

ሥርጉት በመገረም አየችው። «የወይንእሸት ከተማ እኮ ናት፣ አጎቴ! ማለቴ የዱሮዋ። ከሺህ ዓመት በፊት ስሟ ቻንግአን ነበር አሉ፤ አሁን ሺአን ይሏታል። እሷው ናት የነገረችኝ። ይኼን ጌም ስትጫወቺ በእኔ ሰፈር ታልፊያለሽ ብላ ስቃብኛለች።»

ይስማው አንገቱን ደፋ። በአራት ዓመት ውስጥ ልጁ ያለችበትን ከተማ ስም አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ለጠየቀው ሁሉ «ቻይና» ይላል፤ እንደ አንድ ሰፈር።

«እስቲ ቅረቢው» አለ ቆይቶ።

ሥርጉት ፈረሰኛውን ከግንቡ አስጠጋችው። ቀላ ባለው አፈር ላይ አግድም የተሰመሩ ስስ መስመሮች ታዩ። ይስማው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለ።

«ሣንቃ አቁመው በመሐሉ አፈር ጠቅጥቀውበታል። ሲደርቅ ሣንቃውን ነቅለው ወደ ላይ ያወጡታል። ያውልሽ የሣንቃው መጋጠሚያ።» ጣቱን ሳያስነካ በመስታወቱ ላይ አስሄደው። «ይኼን የሣለው ሰው ግንብ አይቷል።»

ሥርጉት ሌላ ጊዜ በዚህች ከተማ የምትሄደው በጣሪያ በጣሪያ እየዘለለች፣ ከወታደር እየሸሸች ነበር። ዛሬ አጎቷ «ቀስ በይ» ስላላት ከፈረሱ ወርዳ በበሩ በእግር ገባች። መንገዱ በሲባጎ ተወጥሮ የተቀየሰ ይመስል ቀጥ ያለ፣ ዳርና ዳሩ በዛፍ የታጠረ ነው። ግመሎች እቃ ጭነው ያልፋሉ። ሴቶች ጨርቅ ዘርግተው ይሸጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ የየራሱ አጥርና የየራሱ በር አለው። ይስማው አንዳንዴ «ቁሚ» ይላል፤ የአንዱን ጣሪያ ክፈፍ ወይም የአንዱን ድልድይ እግር ዓይቶ ሲጠግብ «ሂጂ» ይላል።

«ቤቶቹ ይከፈታሉ?»

«አብዛኞቹ ሥዕል ብቻ ናቸው። አንዳንዱ ይከፈታል።»

ሦስት በር ሞክራ አራተኛው ተከፈተላት። ግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እንጨት ይጠርባል። ቀና ብሎ ፈረሰኛውን አየና አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

ሥርጉት ከሥር የወጣውን ጽሑፍ አነበበችለት። «"መንገደኛ፣ ከወዴት መጣህ?" ነው የሚለው።»

«እኛስ ምን እንለዋለን?»

«መመለሻ የለውም፣ አጎቴ። እሱ ይጠይቃል እንጂ መልስ አይሰማም።»

ሽማግሌው ጥቂት ጠርቦ ደግሞ ቀና አለና ያንኑ ጠየቀ። ይስማው በዚያ ፊት ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየ። 

ሽማግሌው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ይስማው ራሱ «እንውጣ» አለ።

ከዚያ የጨዋታው ተልእኮ ወደ ሰሜን ማዕዘን ወሰዳቸው። በግንቡ ጥግ አንድ የውሃ ቦይ ያልፋል። ሥርጉት ነገሩን አስረዳችው። «አሁን ቦዩን ሰብረን ውሃውን ግንቡ ሥር እንለቅበታለን። ግንቡ ሲናድ ውጭ ያለው ሠራዊት ይገባል።»

«ተይው!»

ድምፁ ከፍ ብሎ ስለወጣ ሁለቱም ደነገጡ።

«ካልናደ እኮ ጨዋታው አይቀጥልም» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አይቀጥል።»

ሥርጉት ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ፈረሰኛው በቦዩ ዳር ቆሞ ቀረ።

ይስማው ውሃ በአፈር ላይ የሚያደርገውን ያውቃል። በአንድ ክረምት የትምህርት ቤቱ አጥር ሲያጋድልበት፣ ጥፋቱን ፍለጋ ሁለት ቀን ሙሉ መሠረቱን ቆፍሯል። ወይንእሸት ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ምሳ አምጥታለት ሳለ ዝናብ ያዛትና አጥሩ ሥር ተጠልላ ወደ ላይ ስታይ ቆየች። «አባዬ፣ የታመመው እኮ ከላይ ነው» አለችው። ወጥቶ ሲያይ ከክዳኑ ድንጋይ ሥር ጣት የምታስገባ ስንጥቅ አገኘ። በማግሥቱ የግንቡ ቀጥታ የሚለካበትን ቱንቢ ያስያዛት እሱ ነው። ክሩ እስኪረጋ ትንፋሽሽን ያዢ ያላትም እሱ ነው። እሷም ጉንጯን ነፍታ፣ ክሩ ረግቶም ቢሆን፣ ተንፍሺ እስኪላት ድረስ ትጠብቅ ነበር።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ።

«ስድስት ከአሥር።»

«ደውይላት።»

ሥርጉት ማን ብላ አልጠየቀችም። ሚስኮል አደረገች። ስልኩ ወዲያው መልሶ ጮኸ። ተቀብላ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ለአጎቷ ሰጠችው።

«ሥርጉቴ?» አለ የወይንእሸት ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

«አባዬ?»

በአራት ወር ውስጥ በልቡ ያሰናዳው ብዙ ንግግር ነበር። ያን ሁሉ ትቶ ስለ ግንቡ ጠየቃት።

«የምትጠግኑት ግንብ አፈር ነው ጡብ?» አለ።

«ከውጭ ጡብ ነው። ውስጡ የተጠቀጠቀ አፈር ነው።»

«ውሃ ይገባዋላ።»

«እሱ እኮ ነው ያስቸገረን! ከላይ ይሰርግና ውስጡን ይበላዋል። ከውጭ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ድንገት ነው የሚያብጠው።» ድምፅዋ ስለ ሥራው ሲሆን ሮጠ፣ ከዚያ እንዳፈረ ሁሉ ዝግ አለ። «አባዬ፣ ልምጣ ወይ?»

ልቅር ወይ አላለችም። ይስማው ይህንን አስተዋለ።

«ብትመጪ ደስ ይለኛል» አለ። «አልዋሽሽም። በጣም ነው ደስ የሚለኝ።»

ይስማው ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ግን የጀመሩትን ግንብ ጥሎ መሄድ እኔ አላስተማርኩሽም። ሂጂ፣ ፈርሚ። በዓመት በዓመቱ ግን እናትሽ ትይሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ… ዓይኔ ደህና ነው ብለውኛል።»

ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አልለየውም። «አባዬ፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው! ስልኩን አይዝጉት፣ እሺ? ይጠብቁኝ» አለችና ደረጃ በሩጫ ስትወጣ ሰማ። ጫማዋ ሲያንኳኳ ሰማ። በር ተከፈተ። አንድ ሰው ተናገረ፤ ወይንእሸትም መለሰችለት፣ ፈጣንና ቀጭን በሆነ፣ ከፍ ዝቅ በሚል የሰው አገር ቋንቋ። ልጁ በዚያ ቋንቋ ስትናገር ሲሰማት ይህ የመጀመሪያው ነው። ቃሉ አንዱም አልገባውም። ነገር ስትጨርስ ድምፅዋን ጎተት የምታደርገው ግን እንደ እናቷ ነው።

«ምን አለች?» አለች ሥርጉት፣ መታገሥ አቅቷት።

ይስማው እጁን አነሣ፤ ስልኩን ከጆሮው ይበልጥ አጣበቀው።

«ዝም በይ እስቲ» አለ በሹክሹክታ። «እየተናገረች ነው።»