እማማ አካኒሲ ስለ ነፋሱ የተናገሩት

ያን ረቡዕ ጠዋት እማማ አካኒሲ ቀና ሲሉ ጥቋቁሮቹ ወፎች ከባሕሩ በላይ ከፍ ብለው ይዞሩ ነበር። ወፎቹ እንዲያ ከፍ ካሉ አየሩ ለቀናት አይከፋም። ይህን ከእናታቸው ተምረው ለልጅ ልጃቸው ለላቬኒያም አስተምረዋል።

ላቬኒያን ሱቫ ከተማ ያለው የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏታል። በሚመጣው ሰኞ ጠዋት ካልተገኘች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ደሴቲቱን ከሱቫ የሚያገናኘው የጭነት መርከብ ደግሞ ሞተሩ ተበላሽቶ ከቀረ ሁለት ወሩ ነው። ደግነቱ ዮሪስና አኔሊ የሚባሉ ባልና ሚስት በባለ ሸራ ጀልባ መጥተው ነበር። እንደ ደንቡ ለመንደሩ ሹም ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር እጅ መንሻ አቅርበው፣ የእማማ አካኒሲ ቤት እንግዶች ተደረጉ፤ ከዚያ ወዲያ የቤት ልጅ ናቸው። ላቬኒያን እናደርሳታለን አሉ፤ መንገዱ ሦስት ቀን ነው።

እማማ አካኒሲ ግን ሐሳብ ገባቸው። ያቺ ጀልባ ማዕበል ፊት ምን አቅም አላት? ልጅቷ ስትዋኝ እንኳ እግሯ ይኮማተርባታል። ደግሞስ ሱቫ የሄደ መቼ ተመልሶ ያውቃል? አባቷ ከሄደ ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ።

ለዮሪስ የጀልባዋ የአየር ትንበያ መሣሪያ አየሩ መልካም መሆኑን ነግሮታል። ቢሆንም የቤቱን ትልቅ ሰው ሳይጠይቅ መነሳት ነውር ነውና ስለ ነፋሱ ሊጠይቃቸው መጣ። ጎረቤታቸው ቲሞቲ ሳቀበት።

"የእማማ አፍንጫ እያለ መሣሪያህን ለዓሣ ጣለው" አለው።

እማማ አካኒሲ ወደ ላቬኒያ ሳያዩ፣ "ነፋሱ ዛሬ ዞሮ ከምዕራብ ይነፍሳል፤ ፊት ለፊት ነው የሚመታችሁ። ቆዩ" አሉ።

ቆዩ። ሐሙስ ነፋሱ ከምሥራቅ ሳያወላውል ነፈሰ። ዓርብም እንደዚያው። እማማ አካኒሲ ጎደሬ በኮኮናት ወተት እየሠሩ እንግዶቹን ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ ሲሉ ዋሉ። ቅዳሜ፣ አሁን መሄድ ትችላላችሁ አሉ። ዮሪስ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ፤ የሚደርሱት ማክሰኞ ነው። ላቬኒያ ቦርሳዋን ከጀልባዋ አወረደች።

ከወር በኋላ እማማ አካኒሲና ላቬኒያ ከቅጠል ምንጣፍ ሲሠሩ ቲሞቲ ለዓሣ ሊወጣ ስለ ነፋሱ ሊጠይቅ መጣ።

"እኔን ተወኝ፣ እሷን ጠይቅ" አሉት እማማ አካኒሲ።

ላቬኒያ ቀና ብላ አየችና እስከ ከሰዓት ደህና ነው አለችው። ሲሄድ እማማ አካኒሲ ቅጠሉን አስቀመጡ።

"ያን ቀን እኮ ወፎቹ…"

"አይቻቸዋለሁ፣ እማማ።"

"አይተሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"በእንግዳ ፊት ውሸታም ላሰኝዎ?"

እማማ አካኒሲ፣ የሚቀጥለው ጀልባ ሲመጣ እኔው ራሴ ለምኜ አሳፍርሻለሁ አሏት።

"ጀልባውማ ይመጣል፣ እማማ። የትምህርት ቤቱ ቦታ ነው የሌለው" አለችና ጫፉን እንዲይዙላት ምንጣፉን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።