የዋቅጋሪ ጥቀርሻ

ዋቅጋሪ በሞተ በወሩ ዮሃና ካዛንቺስ ወዳለው ላቦራቶሪ ተመለሰች። ሁለቱ የማስተርስ ተማሪዎች አንድ ሥራ ነበር የጀመሩት፤ ብየዳ ቤቶች የሚጠቀሙበትን አሴቲሊን ጋዝ በጋለ የመስታወት ቱቦ ውስጥ እያሳለፉ፣ ካርቦኑን በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች አድርጎ ማስቀረት። ከዚያ ዋቅጋሪን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ መኪና ገጨውና ሥራው ለእሷ ብቻ ቀረ።

ምድጃው በሚገባ ሲግል ጋዙን ከፈተች። ቱቦው ውስጥ ጥቁር ጭስ መጠቅለል ሲጀምር ከጀርባዋ ሰማችው።

«ዮሂ፣ ቀንሺው። በዛ።»

ዮሂ ብሎ የሚጠራት ዋቅጋሪ ብቻ ነበር። ዞረች፤ ከግድግዳው በቀር ማንም የለም። እጇ ግን ቀድሟት ጋዙን ቀንሶታል።

ናሙናውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየችው። እስከዚያ ሲያወጡት የነበረው ጥቀርሻ ተጣብቆ እየጓጎለ ነበር ያስቸገራቸው። ይሄኛው ክብ ክብ ነው፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ለየብቻው። ደስ ሊላት ሲገባ ዞራ ባዶውን ግድግዳ አየች።

በማግስቱም ድምፁ መጣ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አማካሪዋ ዶክተር መዝገቡ ነገሩን ስትነግራቸው፣ «ሐዘን ነው። በቃ፣ ትንሽ እረፊ» አሏት። አላረፈችም። የመንገዱ ጫጫታ ገብቶ ድምፁን እንዲውጥላት በሩን ከፍታ መሥራት ጀመረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዋቅጋሪ እናት እትዬ አያንቱ ጥቁር ነጠላ አጣፍተው ከቄራ መጡ።

«ልጄ ሲሠራ የነበረውን ልየው ብዬ ነው» አሉ።

ዮሃና ወንበር ሰጠቻቸው። ስለ ድምፁ ትንፍሽ አላለችም። ጋዙን ከፈተች፤ ጭሱ ተጠቀለለ። እትዬ አያንቱ ድንገት ቀና አሉ።

«ማንን ነው ዮሂ የሚለው?»

«እኔን ነው» አለች ዮሃና።

«ታዲያ ቀንሺው እያለሽ አይደል? ቀንሺዋ፣ ልጄ።»

ቀነሰችው። ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ አያንቱ ከዓይናቸው የሚወርደውን እንባ አልጠረጉትም።

ዮሃና ከዚያ ቀን በኋላ ድምፁን አልሰማችውም። ሥራውን ጨርሳ በሁለቱም ስም አሳተመችው። እትዬ አያንቱ ግን በየሳምንቱ እየመጡ ምድጃው አጠገብ መቀመጥ አልተዉም። አንዳንዴ ክፍሉ ጸጥ ባለበት፣ ማንም ምንም ሳይናገር፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እሺ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ።