ከመቃብሩ ጥግ

ልጄ የቁፋሮው ኃላፊ ነው፤ እኔ አጥንት እመረምራለሁ፤ ሚስቱ ደግሞ ጨሌ። እሷ እስክትመጣ ድረስ ሥራው የሁለታችን ነበር። አሁን በእኔና በእሱ መካከል ጠረጴዛዋን ዘርግታ፣ ጨሌ በወረንጦ እየለቀመች፣ እሱ በቀለደ ቁጥር ትንከተከታለች። ቀልዱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ!

በታችኛው የአፈር ንብርብር ያሉት መቃብሮች አንጀቴን ያርሱታል። እዚያ ወንድ ልጅ የሚቀበረው ከእናቱ ጎን ነው። ሚስቱ? እሷም ከእናቷ ጎን ትቀበራለች። ወግ ማለት ይህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ከላይኛው ንብርብር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ተገኙ። በዚያው ቀን ልጄ እያፈረ፣ «እማዬ፣ ቤት ተከራይተናል፤ በወሩ መጨረሻ እንወጣለን» አለኝ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። «እሷ ናት አይደል የመከረችህ?»

«ሁለታችን ነን የመከርነው።»

ሁለታችን! ይህ ቃል ድሮ እኔንና እሱን ነበር የሚያጠቃልለው።

ከመቃብሩ የወጣችው ሴት የሰውዬው እናት እንድትሆን ተመኘሁ። ልማዱ አልተለወጠም ብዬ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። መንጋጋዋን በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ ጥርሷ ገና አልተበላም፤ ከሰውዬው በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ ዘመዱ እንዳትባልም የእሱ ጠማማ ክራንቻ የላትም። ደግሜ አየሁ። ያው ነው። አጥንት እንደ ሰው አይለመንም።

«ማን ናት፣ እማዬ?» አለ ልጄ።

«ሚስቱ» አልኩ።

«ይኸው! ዘመኑ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው፤ ከእናት ጎን ወደ ሚስት ጎን!» ብሎ ፈነደቀ። ደስ ይበልህ እንግዲህ።

«እናቱስ የት ገባች?» አልኩ።

የመለሰችልኝ ምራቴ ናት። ከመቃብሩ ጥግ ተሰብስቦ የተገኘ የአሮጊት አጥንት በሳጥን አቀረበችልኝ። ክራንቻዋ ልክ እንደ ሰውዬው ጠማማ ነው። ለሚስቲቱ ቦታ ሲለቀቅ እናትየዋን ገፍተዋታል።

«ግን አልጣሏትም፣ እማማ» አለች ምራቴ ለስለስ ብላ። «ከአንገቷ አጥንት ጋር የነበረው ጨሌ የሚስትየዋ ነው። ሰውዬው አንዱን ክር ለሁለት ከፍሎ አስሮላቸዋል።»

ያቃጠለኝ ደግነቷ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ለእርስዎም አዲሱ ቤት ውስጥ ክፍል አዘጋጅተናል» አለችኝ።

ልጄን አየሁት፤ እሱ ጫማውን ያያል።

«የትኛውን ክፍል?» አልኳት።

«ጸጥ ያለውን» አለች። «ጥግ ላይ ያለውን።»