የማይንበረከክ ጥሩር

ፈሪ ነኝ። ይኼን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ጭምብል አጥልቄ ሌባ ሳባርር በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ፈሪ ነበርኩ። ዝቅ ብዬ ስለምበርና ቶሎ ስለምደበቅ የከተማችን ሰው "ድርጭት" ያለኝ ወዶ አይደለም። ፈሪ ለእናቱ ነው፤ እኔም በሕይወት ያለሁት በዚሁ ጠባዬ ነው።

እንግዲህ እኔን ነው ጠርተው "ባንዲራውን ልበሺ" ያሉኝ።

ባንዲራው የምንለው ጥሩሩን ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ ኮከብ፣ ክንዶቹ ላይ ቀይና ነጭ መስመር ያለው፣ በሞተር የሚንቀሳቀስ የብረት ልብስ። ካንሳስ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ ሥዕሉ ያለበት የምሳ ሣጥን ይዞ ነው ትምህርት ቤት የሄደው። መጀመሪያ የለበሰው ኮሎኔል ታዴየስ ክራውል ነበር፤ አርጅቶ ሲሞት አገር አለቀሰለት። ቀጥሎ የለበሰው ላይል ስትሮድ የሚባል ሰው ነው፤ ነፍሰ ገዳይ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ለሱም አገር አጨበጨበ። ስትሮድ የበደለው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ አንዱ ከኮቱ ውስጥ ሽጉጥ መዝዞ ይደፋኛል እያለ ሲባንን ነው የኖረው። አንድ ሽማግሌ መነጽሩን ከደረት ኪሱ ሊያወጣ እጁን ሲሰድ፣ ከጥሩሩ መዳፍ በወጣ እሳት እዚያው አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ ሰው አጠገብ መድረስ ትቶ ከሰማይ ላይ ብቻ እጁን ያውለበልብ ነበር። በመጨረሻ ተይዞ ታሰረ፤ ጥሩሩም ባዶውን ቀረ።

ይህ ብረት ለባሹን ያጠናል፤ የሚፈራውን ነገር ይማርለታል። ስለዚህ የጥሩሩን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ፕሩደንስ ጊልክሪስትን ጠየቅኳቸው።

"የስትሮድ ጠባይ ውስጡ አልቀረም?"

"ታጥቧል፣ ሎሬታ። ከእናትሽ ሳህን የጸዳ ነው።"

"እናቴ ሳህን ማጠብ ላይ ሰነፍ ነበረች፣ ወይዘሮ ጊልክሪስት።"

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም።

አለባበሱን አሳዩኝ። ቀኝ ጉልበቱ መሬት ሲነካ ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ ጀርባው ይከፈታል፣ ያኔ ትገቢያለሽ። ለማውለቅም ያው መንበርከክ ነው። አንዴ ከተንበረከከ መሥሪያ ቤቱ በቁልፍ ካላስነሳው በቀር ጣቱንም አያንቀሳቅስም። ከነገሩኝ ሁሉ ደስ ያለኝ ይኼ ብቻ ነበር። ወደ አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነዋ!

አባቴ ቨርነን ሀስኪንስ ዜናውን ሲሰማ ኮፍያውን አውልቆ ግድግዳ ላይ ያለውን የእናቴን ፎቶ ለረጅም ጊዜ አየ። ሁለት ጦርነት የዘመተ ሰው ነው፤ አንዱ ጉልበቱ ብረት ነው፣ በቅጡ አይታጠፍለትም። የአገር መዝሙር በቴሌቪዥን ሲሰማ እንኳ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ብድግ ብሎ እጁን ልቡ ላይ ያደርጋል።

"ድርጭቷ ልጄ ባንዲራ ለበሰች" አለ። "አሁን ብሞትም አይቆጨኝም።"

"ኧረ አባዬ፣ አፍህን ያዝ!"

ለነጻነት በዓል በከተማችን ቤዝቦል ሜዳ ላይ ጥሩሩን ለብሼ ለሕዝብ እንድታይ ተወሰነ። ሐምሌ ነው፣ ፀሐዩ ያነዳል። ሰው ትኩስ ዳቦውን በቋሊማና በሰናፍጭ እየገመጠ፣ ቢራውን እየጠጣ ደረጃውን ሞልቶታል። አባቴ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል። እኔ ሜዳው መሀል ቆሜያለሁ። ወይዘሮ ጊልክሪስት በጆሮዬ ውስጥ "መዝሙሩ እስኪያልቅ ድምፅ ማጉያሽን ዘግተነዋል፤ በመዝሙር ጊዜ ወሬ ነውር ነው" አሉኝና እሳቸውም ዝም አሉ።

መዝሙሩ ሲጀመር እጅ ሁሉ ተነስቶ ደረት ላይ አረፈ።

ዓይኔ ፊት ባለው መስተዋት ላይ ቀይ ቀለበት ብቅ አለ። አባቴ ላይ ነበር፣ ልቡ ላይ፣ እጁን ባሳረፈበት። ቀጥሎ አጠገቡ ያለችው ሴት ላይ፣ ቀጥሎ የቄሱ ሚስት ላይ፣ ቀጥሎ ፊቷ ላይ ኮከብ የተሳለላት ሕፃን ላይ። ከዚያማ ሜዳው በሙሉ ቀይ ሆነ። ኮት ውስጥ እጃቸውን የሰደዱ ገዳዮች! ብረቱ ያየው ይኼንን ነው። ስትሮድ አልታጠበም፤ ውስጤ ቆሞ በኔ ዓይን እያየ ይንቀጠቀጣል።

ቀኝ ክንዴ ሳላዘው ተነሳ። መዳፌ ሲግል ተሰማኝ።

"አውርዱ!" ብዬ ጮህኩ። "እጃችሁን አውርዱ! አባዬ፣ እጅህን አውርድ!" ድምፄ የብረት ቆቡ ውስጥ ተጋጭቶ ወደ ራሴ ጆሮ ተመለሰ። አባቴ ፈገግ ብሎ ያየኛል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ክንዴ የተነሳው ለሰላምታ መስሎታል።

ግራ እጄን ሰድጄ ቀኙን ልይዘው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። መዳፌ አባቴ ላይ ተቀሰረ። የማውቀው መውጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ጉልበቴንም ቄጤማ ያደረገው ያው የኖረ ፍርሃቴ ነው። ወደቅኩበት፤ ቀኝ ጉልበቴ ሣሩን ነካ።

ሞተሩ ጸጥ አለ። ክንዴ ባለበት ደረቀ።

መስተዋቱ እስኪጠፋ ድረስ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። የሕዝቡ አፍ ተከፈተ። በመዝሙር መሀል፣ በባንዲራ ፊት፣ ባንዲራ ለብሳ ተንበረከከች! እጅ ሁሉ ከደረት ተነሳ፤ አንዱ ይጠቁማል፣ አንዱ ቡጢ ይጨብጣል፣ ሌላው የቢራ ኩባያ ይወረውራል። እጆቹ ሲነሱ ቀይ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። የአባቴ ብቻ ቀረ። እጁን አላወረደም። ፊቱ አመድ መስሎ እስከ መዝሙሩ መጨረሻ እንደቆመ ቆየ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ።

መሥሪያ ቤቱ ጥሩሩን ፈተሸና "ንጹሕ ነው፣ ፈርታ ነው" አለ። ማን ይጠራጠር? ድርጭት አይደለሁ? የቤታችን በር ላይ ቀለም ደፉበት፤ እኔም ከዚያ ሜዳ ታገድኩ።

ለአባቴ ስለ ቀለበቶቹ ነገርኩት፤ እሱ ላይ ስለተቀሰረው መዳፍ፣ ሰዉ ለስድብ እጁን ሲያነሳ ቀለበቱ እንዴት እንደጠፋ፣ ሁሉንም። ሾርባውን እያማሰለ ሰማኝና "ሁለት ጦርነት ሄጄ ቆሜ ነው የተመለስኩት" አለ። ከዚያ በኋላ ጨው አቀብይኝ ከማለት በቀር ቃል አልነበረውም።

በመስከረም ለሚከበረው የአገራችን የሠራተኞች ቀን ጥሩሩን ድዋይት ኬስለር እንዲለብስ ተመረጠ። "በሬው" የሚባለው፣ ግንብ በትከሻው የሚደረምስ የድሮ ጓደኛዬ ነው። በቴሌቪዥን ቀርቦ ደረቱን እየደለቀ "የኔ ጉልበት መሬት አይነካም!" አለ። ወይዘሮ ጊልክሪስት ደግሞ አጠገቡ ቆመው ፈገግ እያሉ፣ መዝሙሩ ሲዘመር የጥሩሩ ጉልበት እንዳይታጠፍ ተቆልፏል፣ ከእንግዲህ ማንም አያዋርደንም አሉ።

የያዝኩት ሳህን ከእጄ ወደቀ። መውጫውን ዘጉት! ያለችውን አንዲት መውጫ!

ወዲያው ለድዋይት ደወልኩ።

"ድዋይት፣ በፈጠረህ አትልበሰው። የነብር ጅራት ነው የምትይዘው። ሰው እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ..."

"ድርጭቴ፣ አንቺ እኮ ቀንድ አውጣም ያስደነግጥሻል።"

"ለኔ አይደለም የምፈራው፣ አንተ በሬ!"

"አይዞሽ፣ ስምሽን እኔ አድስልሻለሁ" አለና ዘጋው። የዋህ ነው፤ ከልቡ ነው ያለው።

በበዓሉ ቀን አባቴ ያንኑ ኮት ተኩሶ ለበሰ። በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን ዘጋሁበት።

"አባዬ፣ አትሂድ።"

"የከተማችን ዘማቾች ወንበር እዚያ ነው። አልቀርም።"

"እሺ ሂድ። መዝሙሩ ሲጀመር ግን እጅህን አታንሳ። ሌላ ምንም አልለምንህም፤ ዕድሜ ልኬን አልለምንህም።" ማልቀስ አልፈለግኩም፣ ግን አለቀስኩ።

ፊቴን አየ። ኮፍያውን አስተካከለ፣ ትከሻዬን ገፋ አድርጎ አለፈና ሄደ።

ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ድዋይት ጥሩሩን ለብሶ ሜዳው መሀል ቆሟል። ዘፋኟ መጣች። ሕዝቡ ተነሳ። እጅ ሁሉ ደረት ላይ አረፈ።

የጥሩሩ ራስ ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። ያን አዟዟር አውቀዋለሁ። ቀኝ ክንዱ መነሳት ጀመረ። የድዋይት ጉልበቶች ሲንቀጠቀጡ ይታያል፤ ሊታጠፍ እየታገለ ነው፣ ብረቱ አይለቀውም። ማይክሮፎን የያዘው ጋዜጠኛ ዝቅ ባለ ድምፅ "እንዴት ያለ ሰላምታ ነው!" ይላል። እኔ ቴሌቪዥኑን በሁለት እጄ ይዤ "እጃችሁን አውርዱ" እላለሁ፤ አሁንም የሚሰማኝ የለም።

ያኔ ካሜራው ፊተኛው ረድፍ ላይ አንድ ነገር አየና ተመለሰ። አንድ ሽማግሌ አጥሩን ተሻግሮ ሣሩ ላይ ወጥቷል። ኮቱ የተተኮሰ ነው። ከሕዝቡ ፊት ሄዶ፣ ከጥሩሩ መዳፍ በታች ቆመና ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ያንን የማይታጠፍ ጉልበቱን በግድ አጥፎ ተንበረከከ።

አባቴ! አባቴ ቨርነን ሀስኪንስ፣ በመዝሙር መሀል!

ሜዳው ጮኸ። "ውጣ!" "ነውረኛ!" "እንደ ልጁ ነው!" አብረውት የዘመቱት ሰዎች እንኳ ቡጢ አሳዩት። ኩባያ ዘነበበት፣ ሰናፍጭ ኮቱ ላይ ፈሰሰ። እጅ ሁሉ፣ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ፣ ከደረት ወረደ።

የጥሩሩ ክንድ አየር ላይ ቆመ። ኢላማውን እንዳጣ ሰው ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

አባቴ የመጣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ቢራ ቢራ ይሸታል፣ ግንባሩ ላይ ደም አለ። ወንበሩ ላይ ሲወድቅ ደግፌ ያዝኩት።

"እንደሚሰድቡህ አላወቅክም?"

"ስለማውቅ ነዋ! ይኼ ሕዝብ ቢለምኑት እጁን አያወርድም፤ ካናደዱት ግን ያወርዳል። አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?"

"አላመንከኝም ነበር እኮ።"

"አላመንኩም። ክንዱ ሲነሳ እስካይ ድረስ አላመንኩም።" ሰናፍጩን ከኮቱ ላይ ጠረገ። "ፈራሁ፣ ሎሬታ። ጦር ሜዳም እንደዚህ አልፈራሁም።"

ስልኩ ጮኸ። ድዋይት ነው። ግንብ የሚደረምሰው ሰውዬ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

"ድርጭት... የመጀመሪያው ቀለበት እናቴ ላይ ነበር። መዳፌ እናቴ ላይ ነበር። አባትሽ አሉ?"

"አለ።"

"ነገ ወይዘሮ ጊልክሪስት ዘንድ ሄጄ ያየሁትን እናገራለሁ። ሴትዮዋ ባታምነኝ ያንን ብረት በገዛ እጄ እሰባብረዋለሁ። ለአባትሽ ንገሪያቸው።"

ነገርኩት። አባቴ ራሱን ነቀነቀና ጉልበቱን አሻሸ፤ አብጦ ሱሪውን ወጥሮታል።

"እንዴት አጠፍከው?" አልኩት።

"መውረዱስ ቀላል ነበር፤ መነሳቱ ነው ያቃተኝ። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ሁሉም የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። አንድም ሰው አላነሳኝም።"

ከማቀዝቀዣው በረዶ አመጣሁ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ጉልበቱ ላይ በፎጣ አሰርኩለት።