የኔቪል የታሸገ ሳጥን

ሞሪን ኦርሜሮድ የሟች ባሏን ትንሽ የሪሞት ጀልባ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ኩሬያችን የመጣች እሑድ፣ ኔቪል ፒሊንግ ደህና አደርሽ እንኳን አላላትም። ጀልባዋን ከላይ እስከ ታች ገረመማትና፣ «እዚህ የሟች ዕቃ አናስቀምጥም፤ የጀልባ ክበብ ነው» አላት።

ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ አልክድም።

ክበባችን ከማንችስተር በስተሰሜን ባለችው ከተማችን መናፈሻ ውስጥ ነው። ጡረታ የወጣን ሃያ የምንሆን ሰዎች እሑድ እሑድ ጠዋት፣ በሪሞት የሚነዱ ትናንሽ ጀልባዎቻችንን ይዘን እንሰበሰባለን። የእኔ ድርሻ ቀዘፋ ነው፤ የማንም ጀልባ መሐል ኩሬ ላይ ቀጥ ስትል በታንኳ ሄጄ አወጣታለሁ። ኔቪል ሊቀ መንበራችን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበረ፣ የሽቦ ነገር ከተነሳ ከእሱ ጋር የሚከራከር አልነበረም።

የሚከራከረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሞሪን ባል ክላይቭ። ሁለቱ የሠላሳ ዓመት ጓደኛሞች ነበሩ። ኔቪል የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለውን ሪሲቨርና የሞተሩን መቆጣጠሪያ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይከትና ዙሪያውን በሲልከን ማጣበቂያ ይደፍነዋል፤ ዓመት ሙሉ አይከፍተውም። ክላይቭ ደግሞ፣ «ውሃ መግቢያ አያጣም። እንዳይበላሽ የኤሌክትሪክ ቦርዱን ራሱን ቀባው፣ ከኩሬ ስትመለስ ሳጥኑን ከፍተህ አድርቀው» ይለዋል። በዚህችው ነገር ተካረሩና ተኳረፉ። ከዚያ ክላይቭ ታመመ። አራት ወር ሆስፒታል ሲተኛ ኔቪል አንድ ቀን እንኳን ሊጠይቀው አልሄደም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

ሞሪን ባሏ ያስተማራትን ነበር የምትሠራው። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይዛ፣ መሰኪያዎቹን እያለፈች ቦርዱን በትንሿ ብሩሽ ትቀባለች። ኔቪል አንድ ቀን ይህን አየ።

«ኩሬ ነው ወይስ የውበት ሳሎን? እስቲ የኔንም ጥፍር ቀቢልኝ፣ እመቤቴ!»

«መጀመሪያ ታጠበው» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም የክበቡ ጎጆ ውስጥ ስንጠለል፣ ኔቪል «ቦታ የለም» ይላታል። እሷም ኩርሲዋ ላይ ዣንጥላዋን ዘርግታ፣ ከፔርሙሷ ሻይ እየቀዳች ውጭ ትቀመጣለች። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ አለፈ። ቦታ ግን ነበረ።

የሰኔ ዋንጫ ቀን ስድስት ጀልባዎች ተሰለፉ። በሦስተኛው ዙር ሞሪን ትመራለች፤ ኔቪል ከኋላዋ ነው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ የኔቪል ጀልባ አልታጠፈችም። ሞተሯ እያጓራ፣ በሙሉ ፍጥነት ሄዳ የሞሪንን ጀልባ ጎኗን በሳቻት። የሞሪን ጀልባ ተገልብጣ ሰመጠች። የኔቪል የኩሬውን ግንብ ገጭታ ቆመች።

«ሲግናሌን ጠለፈችኝ!» ብሎ ጮኸ ኔቪል። «አያችሁ አይደል? መሪው አልታዘዝ አለኝ! ሪሞቷ ነው የረበሸኝ!»

የኔቪልን ጀልባ አመጣሁ፤ የሞሪንን ከጭቃ ውስጥ በሜንጦ ፈልጌ ለማውጣት ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ዳር ስደርስ ጠቡ ጦፏል።

«ዛሬውኑ ከክበቡ ትባረር!» ይላል ኔቪል። «የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

ሦስት እጆች ወጡ። አራተኛውም እያመነታ ወጣ።

«ሳጥንህን ክፈት» አለች ሞሪን።

«ምን?»

«ክፈተው። ውስጡ ደረቅ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለተኛ ዓይኔን አታዩም።»

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ? የሳሙና ሻጭ!»

«አዎ፣ ሳሙና ሻጭ ነበርኩ። ክፈተው።»

ፊቱ ቀላ። ቢላዋ ከኪሱ አወጣና ሲልከኑን ዙሪያውን ቀደደ። ክዳኑን ሲያነሳው ቡናማ ውሃ ጫማው ላይ ተንዠቀዠቀ። ቦርዱ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፤ ሁለት ሽቦዎች ተበልተው አልቀው በክር ነው የተንጠለጠሉት።

«ይሄ የዛሬ ውሃ አይደለም» አለች ሞሪን። «በሽቦው ቀዳዳ ገብቶ መውጫ አጥቶ ከርሟል። አሽገህ ያስቀመጥከው አንተው ነህ።»

«አንዱ አፍስሶበታል!»

ያኔ እኔ፣ እስከ ዛሬ እሱ ፊት ትንፍሽ ብዬ የማላውቀው ሰው፣ «በየት በኩል ኔቪል? አሁን በዓይናችን ፊት አይደል የቀደድከው?» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። «አንተም? የሰው ጀልባ ለቃሚ!»

ሞሪን የራሷን ሳጥን ከፍታ ውሃውን ደፋች፣ ባትሪውን ነቀለች፣ ሪሲቨሩን አራግፋ ፎጣ ላይ ፀሐይ አሰጣችው። ሻያችንን እስክንጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ ሌላ ባትሪ አውጥታ ሰካች። የጀልባዋ ጎን ተሰንጥቋል፤ መሪው ግን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዞረ።

አንዱ አጨበጨበ።

«እንዳታጨበጭቡ!» አለች። «ሲሰድበኝ ስትስቁ የከረማችሁት እናንተው ናችሁ።» ወደ ኔቪል ዞረች። «ክላይቭ የሆስፒታሉ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይል ነበር። አንተ እየመሰልከው። እስኪሞት ድረስ።»

ኔቪል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አሁንስ ይሰበራል ብዬ ነበር።

«ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት እሱ ነው» አለ።

የወጡት እጆች ድሮ ወርደዋል። ኔቪል የክበቡን ጎጆ ቁልፍ ሣሩ ላይ ወረወረና ጀልባዋን እንደ ሞተ ውሻ ታቅፏት ሄደ።

ሊቀ መንበርነቱን ለሞሪን አቀረብንላት። «ጀልባ ልነዳ እንጂ እናንተን ልነዳ አልመጣሁም» ብላ መለሰችልን።

መስከረም ላይ ወደ ኔቪል ቤት ሄድኩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አደረገው።

«ማን ላከህ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያው ራስህን ይዘህ ሂድ» አለና ዘጋው።

አሁን በሌላ ከተማ ክበብ ይጫወታል ሲሉ እሰማለሁ። ሞሪን ሁልጊዜ ትመጣለች፤ የሚቀርባት የለም፣ እሷም የምታስጠጋው የለም። እኔ ግን ሁልጊዜ ሰላም እላታለሁ። አንዳንድ እሑድ ትመልስልኛለች።