የላንዲ ሞተርና ጥቁሩ ሽቦ

ላንዲ ፔች ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በጥልፍ ነው። የጠለፈቻቸውን ቀሚሶች በላስቲክ ጠቅልላ ከትንሿ ሞተር ሳይክሏ ኋላ ታስርና ከመንደር መንደር ትዞራለች። ሞተሯ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጤና አልነበራትም። ሦስት ሳምንት ደህና ትሄድና በአራተኛው ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ቀጥ። ላንዲም እየገፋች ወደ ዶን ዊልበርት ጋራዥ ትወስዳታለች።

ዶን ዊልበርት ስድሳን የተሻገረ፣ ትዳር ያልያዘ፣ ቀልደኛ መካኒክ ነው።

«መጣችሁ ደግሞ? ይቺ ሞተር እኔን ሳታይ መኖር አቃታት እኮ!»

«እርስዎ አባልገዋት ነው» ትለዋለች ላንዲ፣ መፍቻ እያቀበለችው።

የነዳጁን ታንክ ሊያነሳ ሲል ግን ሁልጊዜ «ላንዲዬ፣ እስቲ ከሱቅ ቀዝቃዛ ነገር አምጪልን» ይላታል። ይዛ ስትመለስ ሞተሯን ተነስታ ታገኛታለች።

በግንቦት መጨረሻ፣ ቲሲሚን ከተማ የምትኖረው እናቷ ሕመም ጠንቶባታልና ድረሺ ተባለች። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፋች። አናት በሚበሳ ፀሐይ ማስነሻውን ስትረግጥ፣ ስትረግጥ ዋለች። በመጨረሻ አንድ የበቆሎ ጭነት መኪና አሳፈራት። እናቷ ጋ የደረሰችው ከተገነዘች በኋላ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ለነፍሷ የዘጠኝ ቀን ጸሎት ተያዘ። ላንዲ ጥልፏን ልታስረክብ፣ መንገድ ላይ የቀረችውን ሞተሯን በሰው መኪና አስጭና ቤቷ ተመለሰች። ለማሳረጊያው ጸሎት ቲሲሚን መድረስ አለባት፣ ዶን ዊልበርት ደግሞ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ሜሪዳ ሄዷል። ሁለት ዓመት አይታ የለ? ራሷ ልትሠራት ቁጭ አለች።

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታ ማስነሻውን ረገጠች። ብልጭታው ቢጫ፣ ክር የሚያክል ነው። አዲስ ካንዴላ አስገባች፤ ያው። ወደ ካንዴላው የሚሄደውን የወፍራም ገመድ ጫፍ ቆርጣ መልሳ አጠበቀችው፤ ያው። ዶን ዊልበርት ሁልጊዜ እዚህ ሲደርስ ነበር ወደ ሱቅ የሚልካት።

ታንኩን አነሳች። ከማጥፊያው ቁልፍ የሚመጣውን ጥቁር ሽቦ ነቅላ ማስነሻውን ረገጠች። ጠሽ! ሰማያዊ፣ ወፍራም እሳት። እንግዲያው ጥፋቱ ያለው ሽቦው ላይ ነው። በጣቷ እየዳበሰች ተከተለችው። አንድ ቦታ ላይ ልባሱ ተልጧል፣ መዳቡ የሞተሯን ብረት እየነካ እሳቷን ይሰርቅባታል። አይጥ የበላው እንዳትለው ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ፣ ቀጥ ያለ ነው። ላዩ ላይ ከሦስት ሳምንት የማታልፍ አንዲት ስስ ዙር ቴፕ ተፍቃ አልቃለች። ከሥሯ የድሮ ቴፕ ሙጫ ተደራርቧል። ከዶን ዊልበርት ሌላ እዚያ እጁን ያስገባ ሰው የለም።

  ላንዲ ሽቦውን በቴፕ በደንብ ጠቅልላ መልሳ ሰካችውና ለጸሎቱ ሄደች። ሞተሯ አንዴም አላንገራገረችም።

ዶን ዊልበርት ከሠርጉ ሲመለስ፣ ሰኞ ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«ላንዲዬ! ነፍስ ይማር። ደግሞ ጠፋች እንዴ?»

«ሽቦውን አንተ ነህ የላጥከው?»

በአንተ ጠርታው አታውቅም። በእጁ የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ።

«ስሚኝ... ለክፋት አልነበረም። ሞተሯ ደህና ከሆነች ምን ብለሽ ትመጫለሽ?»

«አልጠየቅከኝማ! ነይ ብትለኝ አልመጣም ነበር?»

«ፈራኋ። የሰው ሚስት የነበርሽ...»

«እናቴ ስሜን ስትጠራ ነበር አሉኝ። ላንዲ መጣች ወይ፣ ላንዲ መጣች ወይ እያለች። እኔ መንገድ ዳር ማስነሻ እረግጣለሁ። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ቀኑን ትቆጥራለህ።»

«እናትሽ መታመማቸውን ባውቅ...»

«ባታውቅስ? መንገድ ላይ እንደምቀር ታውቅ ነበር።»

 ላንዲ ሞተሯን አስነስታ ሄደች። ብትጠየቅ እሺ ትለው እንደነበር ታውቃለች፣ ከሁሉ ይልቅ ያ ነው ያንገበገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ጋራዥ የሳቀችው ሳቅ ሁሉ የተሰረቀባት መሰላት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ ይቅርታ ጠየቀ፣ አልመለሰችለትም። ጎረቤቶቿ «ምን አጣላችሁ?» ቢሏት «ምንም» ትላለች። ለእሱ አዝና አይደለም። ብትነግራቸው «ውይ፣ ፍቅር እኮ ነው!» ብለው እንደሚስቁ ስለምታውቅ ነው።